የጓሮ አታክልትና የውርጭ ቀን አቈጣጠር

አጎቴ ባለፈው ዓመት ከሲያትል ከላከልን ዕቃ መካከል የአታክልት ዘር የያዙ ትናንሽ ፖስታዎች ይገኙ ነበር። በየፖስታው ጀርባ ስለ አተካከሉ ጥቂት ቃል ተጽፏል። በቲማቲሙም፣ በቃሪያውም፣ በፎሶልያውም ላይ አንዱ ትእዛዝ ተደጋግሞ አገኘሁት፤ ይኸውም «የመጨረሻው ውርጭ ካለፈ በኋላ ይተከል» የሚል ነው። ይህን ቃል ከበደሳ በላይ ባለው ደጋ ለሚኖር ገበሬ ብናነብለት፣ «ውርጩ የሚመጣው እኮ ዝናሙ ካለፈ በኋላ ነው፤ እስኪያልፍ ብጠብቅ በምን ውኃ እተክላለሁ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄውም ትክክል ነው። ስለዚህ የውርጭ ቀን ማለት ምን እንደ ሆነ፣ ከሀገር ሀገር ለምን እንደሚለያይ፣ በእኛም አካባቢ የጓሮ አታክልት የሚተክል ሰው ቀኑን ከወዴት ጀምሮ ሊቈጥር እንደሚገባው በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

መጀመሪያ ዘሩ የመጣበትን ሀገር እንመልከት። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሲያትል በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 47 ዲግሪ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በታኅሣሥ ወር ሌሊቱ ከ15 ሰዓት ይበልጣል። እንደዚህ ባለ ሩቅ ሰሜን ብርዱ እጅግ የበረታ ሊሆን በተገባው ነበር፤ ነገር ግን ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከታላቁ ውቅያኖስ ነው። ውኃ ደግሞ ሙቀትን ቀስ ብሎ የሚቀበል፣ ቀስ ብሎም የሚለቅ ነገር ነው። አንድ ኪሎ ውኃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ሙቀት ለአንድ ኪሎ ደረቅ አፈር ከሚያስፈልገው አራት ወይም አምስት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ባሕሩ በበጋ ያጠራቀመውን ሙቀት በብርዱ ወራት ለጎረቤቱ ምድር ያካፍላል። እንግሊዝና አየርላንድም እንዲሁ በባሕር የተጠበቁ አገሮች ናቸው።

በእነዚህ አገሮች የአታክልተኛው ዓመት በሁለት ቀኖች መካከል የታጠረ ነው። አንደኛው የመጨረሻው ውርጭ ቀን ሲሆን በሲያትል በመጋቢት አካባቢ ይውላል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ውርጭ ቀን ሲሆን በኅዳር አካባቢ ነው። በእነዚህ መካከል ያለው ጊዜ ውርጭ የሌለበት ስለ ሆነ ሰው ያለ ስጋት ይተክላል። ሆኖም እነዚህ ቀኖች የብዙ ዓመታት አማካይ መሆናቸውን መርሳት አይገባም። አማካይ ማለት በግምት በየሁለት ዓመቱ አንድ ጊዜ ውርጩ ከተጻፈው ቀን አልፎ ይመጣል ማለት ነው። ስለዚህ አስተዋይ የሆነ አታክልተኛ ሁለት ሳምንት ያህል ይጨምርበታል እንጂ በተጻፈው ቀን ማለዳ አይተክልም።

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። በእኛ ዘንድ ውርጭ የዓመቱን ጫፍና ጫፍ የሚያጥር አጥር አይደለም፤ በሁለቱ ዝናሞች መካከል እንደ ሽብልቅ የሚገባ ነው። ክረምቱ በመስከረም ይወጣል፣ በልጉ ከየካቲት መጨረሻ ወይም ከመጋቢት ይጀምራል፤ ውርጩ ደግሞ በመካከላቸው፣ በደጋው አገር ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ይልቁንም በኅዳርና በታኅሣሥ ይመጣል። ብዙ ሰዎች በሐምሌና በነሐሴ ጋቢ ለብሰው እየተንቀጠቀጡ ይህን ብርድ ከውርጭ ጋር አንድ ያደርጉታል። እርሱ ግን ሌላ ነው። በክረምት ሰማዩ በደመና የተሸፈነ ስለ ሆነ ደመናው ለምድሪቱ እንደ ብርድ ልብስ ይሆንላታል፤ ቀኑ ቢቀዘቅዝም ሌሊቱ ከቀኑ ብዙ አይለይም።

በበጋ ነገሩ ይገለበጣል። ከሰሜን ምሥራቅ ደረቅ ነፋስ ይመጣል፣ ደመናው ይጠፋል፣ ሰማዩ ይጠራል። ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ የሚመልስላትም ደመና ስለ ሌለ ሙቀቱ እንደ ወጣ ይቀራል። እኛ ያለንበት 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለ ሆነ የዓመቱ ረጅሙ ሌሊት ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ውርጭ የሚያመጣብን የሌሊቱ ርዝመት ሳይሆን የሰማዩ ጥራት ነው ማለት ይቻላል። በቀን ጃኬት የሚያስወልቅ ፀሐይ ወጥቶ፣ በማግስቱ ማለዳ የድንች ቅጠል ጠቍሮ የሚገኘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከጊዜው ቀጥሎ ሊታወቅ የሚገባው ቦታው ነው። አየር ወደ ላይ በወጡ ቍጥር በየ1,000 ሜትሩ በ6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀዘቅዛል። በደሳ ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር፣ ጭሮ ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ከፍ ብለው የሚገኙ የወይና ደጋ ከተሞች ናቸው። በእነዚህ ከተሞች ውርጭ ከስንት አንድ ጊዜ የሚያሳስብ ሲሆን፣ በመካከላቸው ባለው በኩኒ ደጋና በሌላውም የጨርጨር ከፍተኛ ቦታ ግን የየዓመቱ ጭንቀት ነው። ገበሬዎቻችን በኦሮምኛ ባዳ፣ በደ ዳሬ፣ ገሞጂ እያሉ ደጋውን፣ ወይና ደጋውንና ቆላውን የሚለዩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን ከፍታን ብቻ የሚመለከት ሰው ይሳሳታል። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይልቅ ከባድ ነው፤ ነፋስ በሌለበት ሌሊት እንደ ውኃ በዳገቱ ላይ እየፈሰሰ ይወርድና በረባዳው ቦታ ይተኛል። ሐረርና ሐረማያ ጎረቤት ናቸው፤ የከፍታቸውም ልዩነት ብዙ አይደለም። ሆኖም ሐረር በኮረብታ ላይ ስትሆን ሐረማያ በዙሪያዋ ከፍታ ያለባት ረባዳ ስለ ሆነች፣ በበጋ ሌሊት የውርጭ ስሟ የሚነሣው የሐረማያ ነው። ጫት እንኳ ሳይቀር ቅጠሉ ይጠበስባታል።

ይህንኑ ነገር በገዛ ቤታችን አይተነዋል። አያቴ ከበደሳ በላይ ሁለት ቍራጭ መሬት አላቸው፤ አንደኛው ከወንዙ አጠገብ ያለ ረባዳ ነው፣ ሁለተኛው ከእርሱ በላይ በዳገቱ ላይ ያለ ነው። ረባዳው አፈሩ ጥቍርና ለም ስለ ሆነ፣ ውኃም ስለሚቀርበው ለድንቹ የተመረጠው እርሱ ነበር። መስከረም 1 ቀን ተተከለ። ከድንቹ ከሚገኘው ገንዘብ እኅቴ በጭሮ ለምትማርበት የቤት ኪራይ እንዲከፈል ታስቦ ነበር። ኅዳር 30 ቀን ማለዳ ቅጠሉ ሁሉ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ተገኘ፤ የተተከለው 12 መደብ ሁሉ ነው፤ አንድም አልተረፈ። ድንቹ ሊደርስ የቀረው ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር፤ ሲቈፈር የወጣው አብዛኛው ከእንቍላል የማይበልጥ ነው። በዳገቱ ላይ ለቤት ፍጆታ ያህል የተተከለው ሁለት መደብ ግን ምንም ሳይነካው ቀረ። ጎረቤቶች ይህን ሲያዩ ልዩ ልዩ ነገር ተናገሩ። አያቴ ግን፣ «ልጄ፣ ብርድ እንደ ጎርፍ ነው፤ የሚተኛው ከታች ነው። እኔ የፈራሁት የውኃውን እጥረት ነበር» አሉኝ። የእኅቴን ኪራይ ለመክፈል አንድ ወይፈን ተሸጠ።

በዚያ ማለዳ ነጭ ነገር በቅጠሉ ላይ አለመታየቱ ብዙዎችን ግራ አጋብቷቸው ነበር። ውርጭ ሲባል ሁልጊዜ እንደ ዱቄት የነጣ አመዳይ የሚጠብቅ ሰው አለና። አየሩ እርጥበት ሲኖረው በመጀመሪያ ጤዛ ይወርዳል፤ ጤዛው ሲፈጠርም ጥቂት ሙቀት ስለሚለቅ የሌሊቱን መቀዝቀዝ ያዘገየዋል፤ ከዚያም አመዳይ ይሆናል። አየሩ እጅግ ደረቅ ሲሆን ግን ጤዛም አመዳይም ሳይታይ ቅዝቃዜው በቀጥታ ቅጠሉን ይገድለዋል። ይህ ጥቍር ውርጭ ይባላል። ከሁሉ የሚከፋውም ይኸው ነው። በ1967 ዓ.ም. በሐምሌ ወር (እ.ኤ.አ. 1975) በብራዚል በፓራና ግዛት የወረደው ጥቍር ውርጭ በአንድና በሁለት ሌሊት የግዛቱን የቡና ተክል ስላጠፋው፣ በሚቀጥሉት ዓመታት የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ብዙ እጥፍ ጨመረ። የበደሳ ቡና የሚተከለው ውርጭ በማይደፍረው ከፍታ መሆኑ እንግዲህ እንደ ትንሽ ነገር የሚታይ አይደለም።

ውርጭ ተክልን የሚገድለው እንዴት ነው? ብዙዎቻችን ውኃ ሲረጋ ስለሚሰፋ ሕዋሱን ያፈነዳዋል እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በረዶው መጀመሪያ የሚፈጠረው በሕዋሳቱ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ነው፤ ከዚያም በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ውኃ ወደ ራሱ እየሳበ ያደርቀዋል፤ የሕዋሱም ሽፋን ይበላሻል። ፀሐይ ወጥታ በረዶው ሲቀልጥ ውኃው ወደ ቦታው መመለስ ስለማይችል ቅጠሉ ይልፈሰፈሳል፣ ይጠቍራልም። አንዳንዶች ተክሎች ግን ብርዱ ቀስ እያለ ሲመጣ በሕዋሳቸው ውስጥ ስኳር ያጠራቅማሉ፤ ስኳር ያለበትም ውኃ ቶሎ አይረጋም። በታኅሣሥ የተቀጠፈ ጎመን ከነሐሴው ይልቅ የሚጣፍጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ አታክልቶችን ሁሉ ባንድነት ማየት አይገባም። ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ በርበሬ፣ ፎሶልያ፣ ዱባና በቆሎ ውርጭን ከቶ አይችሉም። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሽንኵርትና ነጭ ሽንኵርት ቀላል ውርጭ ቢያገኛቸው ይችሉታል። ባቄላና አተር በመካከል ናቸው፤ ቅጠላቸው ጥቂት ይታገሣል፣ አበባቸውና እሸታቸው ግን አይታገሥም። የውርጩ ወራት እንግዲህ ጓሮው ባዶ የሚቀርበት ሳይሆን ለነጎመን የሚሰጥ ነው። በመስከረም መጀመሪያ፣ መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ የተዘራ ካሮትና ቀይ ሥር ኅዳርና ታኅሣሥ ሲመጣ ለገበያ ይደርሳል፤ ነጭ ሽንኵርትም በዚያው ወቅት ሳይጐዳ ይቈያል።

ውርጭ ለማይችሉት ግን ቀን መቍጠር ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ የእኛ ዘመን አቈጣጠር ለአታክልተኛ እጅግ የተመቸ ነው፤ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለ ሆነ፣ ጳጉሜን ብቻ 5 ወይም 6 ስለምትሆን፣ በጣት መቍጠር ይቻላል። በአንድ የደጋ ጓሮ ውርጭ የሚያሰጋው ከኅዳር 1 ጀምሮ ነው እንበል። ድንች እንደ ዘሩ ዓይነት ከ90 እስከ 120 ቀን ይፈልጋል፤ 110 ቀን የሚፈልገውን ብንወስድ ከኅዳር 1 ወደ ኋላ እንቈጥራለን፤ ጥቅምት 30፣ መስከረም 30፣ ጳጉሜን 5፣ ነሐሴ 30 ሲደመር 95 ይሆናል፤ የቀረው 15 ቀን ከሐምሌ ይወሰዳል። ስለዚህ ሐምሌ 16 ቀን መትከል ያስፈልጋል። ከላይ እንዳልነው ለጥንቃቄ ሌላ 15 ቀን ስንጨምርበት ሐምሌ 1 ይሆናል።

ሒሳቡ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላል፤ ዋናው ችግር ግን የሚጀምረው እዚሁ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናም የሚያድግ ድንች ሌላ ጠላት አለበት። ይኸውም ገበሬው «ምች መታው» የሚለው፣ ቅጠሉን እያጠቈረ በጥቂት ቀን የሚያደርቀው የእርጥበት በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 በአየርላንድ የድንቹን እርሻ መትቶ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያለቀበትን ረኃብ ያመጣው በሽታ ይኸው ነው። ባሕር ከኃይለኛ ውርጭ የጠበቃትን ሀገር፣ ያው ባሕር በሚያመጣው እርጥበት ለዚህ በሽታ አሳልፎ ሰጣት ማለት ነው። እንግዲህ አያቴ ድንቹን በመስከረም 1 የተከሉት ይህን በሽታ ለመሸሽ ነበር። በሐምሌ ቢተክሉ በሽታው፣ በመስከረም ቢተክሉ ውርጩ ይጠብቃቸዋል። የደጋው ድንች ተካይ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለች ጠባብ በር የሚያልፍ ነው።

በሩን የሚያሰፋ አንድ ነገር ቢኖር ዘሩ ነው። በቀድሞው ስሙ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ይባል የነበረው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይህን በሽታ እንዲቋቋሙ የተመረጡ የድንች ዘሮችን አያሌ ጊዜ አውጥቷል፤ ዓለማያ 624 ከቀደሙት አንዱ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከወጡት ሁለቱ ደግሞ «ጭሮ» እና «በደሳ» ተብለው ይጠራሉ። ስማቸውን ስሰማ ደስ ያለኝ መሆኑን አልሸሽግም፤ ሆኖም ስሙ የእኛ ስለ ሆነ ሳይሆን፣ በሽታውን የሚቋቋም ዘር ያለው ሰው በሐምሌ መጀመሪያ ሊተክል ስለሚችል ነው ጥቅሙ። በሽታው ግን ከዘመን ወደ ዘመን ስለሚለዋወጥ አንድ ጊዜ ያሸነፈው ዘር ሁልጊዜ ያሸንፈዋል ማለት አይቻልም። ከገበያ የተገዛ፣ ስሙ የማይታወቅ ድንች ከመትከል በፊትም የዘሩን ዓይነት ከግብርና ባለሙያ ጠይቆ መረዳት ይገባል።

ሁለተኛው መንገድ ከውርጩ በኋላ ያለው ነው፤ የአጎቴ ፖስታ የሚናገረውም ለእኛ የሚሠራው በዚህ ብቻ ነው። ቲማቲም ከችግኝ መደብ ወደ ጓሮ ከተዛወረ በኋላ 80 ቀን ያህል ይፈልጋል፤ በችግኝ መደብ ደግሞ አምስት ሳምንት ገደማ ይቈያል። ዘሩን በጥር 20 ቀን በትንሽ መደብ ላይ ዘርቶ ሌሊት ሌሊት መሸፈን ቀላል ነው። ችግኙ በየካቲት 25 ይዛወራል፣ የበልጉም ዝናም ሲጀምር ይቀበለዋል፤ ፍሬው በግንቦት 15 አካባቢ መቅላት ይጀምራል። ኃይለኛው ክረምት ሳይገባም ይለቀማል። በልጉ የዘገየ እንደ ሆነ ሁለት ሦስት ሳምንት በእጅ ማጠጣት ያስፈልጋል፤ የእኅቴና የእኔ ወገብ ይህን ያውቀዋል።

ቀን ተቈጥሮም ውርጩ ሳይታሰብ የመጣ እንደ ሆነ ማምለጫ አለ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ፍጹም የጠራ፣ ነፋሱም ፀሐይ ስትጠልቅ ጸጥ ያለ፣ ከንፈርም በድርቀት የሚሰነጠቅ ከሆነ ያ ሌሊት ያሰጋል። አደጋው የሚበረታው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትወጣ ነው። ቴርሞሜትር ያለው ሰው በቁመቱ ልክ ሰቅሎ 2 ወይም 3 ዲግሪ ቢያሳየው «ገና ከዜሮ በላይ ነው» ብሎ መተኛት አይገባውም፤ በመሬት አጠገብ ያለው ቅጠል በዚያው ሰዓት ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላልና። ቴርሞሜትር የሌለው ጥቂት ውኃ በጠፍጣፋ ሳሕን አድርጎ በመደቡ መካከል ያኑር፤ በማለዳ ስስ በረዶ ካየበት ያ ቦታ የውርጭ መተኛ ነው።

እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ በቀኑ መሬቱን ማጠጣት ይረዳል፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ ሙቀት ያጠራቅማልና። ወደ ማታ መደቡ በአጫጭር እንጨት ላይ በተዘረጋ ጆንያ ወይም የሙዝ ቅጠል ይሸፈናል፤ ሽፋኑ ቅጠሉን ባይነካ ይሻላል፣ ፀሐይ ስትወጣም ይነሣል። በመሬቱ ላይ የተነጠፈ ወፍራም ጭድ ግን በዚያ ሌሊት ይጐዳል እንጂ አይጠቅምም፤ ከአፈሩ ወደ ቅጠሉ የሚወጣውን ሙቀት ይከለክለዋል። ስለ ጭስም አንድ ቃል ልበል። በመንደራችን ኵበት አጭሶ ማደር የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ ጭሱ እንደ ደመና ሙቀትን መልሶ የሚያስቀር አይደለም፤ የሚረዳ ነገር ቢኖር የእሳቱ ሙቀት ነው፣ እርሱም ከአጠገቡ አያልፍም። ከጭሱ ይልቅ የሚረዳው አጥሩን መመልከት ነው። በዳገት ላይ ያለ ጓሮ ከታች በኩል በጥቅጥቅ ቍልቋል የታጠረ እንደ ሆነ ቀዝቃዛው አየር እንደ ግድብ ውኃ ይታቈርበታል፤ በታችኛው ማዕዘን አንድ ሁለት ክንድ ያህል ክፍት ቢተውለት ወርዶ ይሄዳል። ጥቅጥቅ ያለው አጥር ከላይ በኩል ይሁን።

አያቴ በዚህ ዓመት ድንቹን በዳገቱ ላይ ሐምሌ 3 ቀን ተክለዋል፤ ረባዳውን ለካሮትና ለጥቅል ጎመን ሰጥተውታል። ውኃውን ከወንዝ ወደ ዳገቱ የምናመላልሰው እኛ ነን።

ይህ ሁሉ ቍጥር «ከኅዳር 1 ጀምሮ ያሰጋል» ብለን በምሳሌ ያስቀመጥነውን ቀን የተመሠረተ ነው። በየመንደሩ እውነተኛው ቀን የተለያየ ስለ ሆነ፣ የአታክልት ክበባችን አንድ መዝገብ ሊከፍት ወስኗል። ስለዚህ ወላጆችና የትምህርት ጓደኞቼ በዚህ በጋ ውርጭ ያያችሁ እንደ ሆነ፣ ያያችሁበትን ቀን፣ መንደሩን፣ ቦታው ረባዳ ወይም ዳገት መሆኑን፣ የተጐዳውን ተክልና አመዳይ ታይቶ ወይም ሳይታይ መምጣቱን እንድትነግሩን እንለምናለን። መዝገቡ ከጥቅምት 20 ቀን ጀምሮ እስከ ጥር 30 ድረስ በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።